የትርንጎ ማደሪያ

ትርንጎ በተቀበረች በሳምንቱ፣ አቶ ይመር የግቢያቸውን በር ከፍተው ሲገቡ ሆዳቸው «መጣህ?» አላቸው።

«መጣሁ» ብለው መለሱ። ኮታቸውን አውልቀው ሚስማሩ ላይ ሰቀሉ፣ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ የጠየቃቸው ማን እንደሆነ ማሰብ የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም። ድምፁ ሁልጊዜ እጇን መቃኑ ላይ ጣል አድርጋ የምትቀበላቸው የሚስታቸው የትርንጎ ነበር፤ ትንሽ ሻከር ያለ፣ መጨረሻው ላይ ከፍ የሚል። የመጣው ደግሞ ከቀበቷቸው በላይ፣ በስተግራ በኩል ነው።

አቶ ይመር ዕድሜያቸውን ሁሉ ከደሴ አዲስ አበባ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ባልደረቦቻቸው በጣርማ በር ጉም ውስጥ እጇን ዘርግታ ስለምትቆም ነጭ ለባሽ ሴት ሲያወሩ፣ «እንቅልፍ ነው፤ ወርዳችሁ ፊታችሁን ታጠቡ» የሚሉ ነበሩ። የሙት መንፈስ የሚባል ነገር አይዋጥላቸውም። ስለዚህ ይህንንም መንፈስ አላሉትም። ትርንጎ ሆዴ ውስጥ አለች አሉ፤ ነገሩንም በዚያው ተቀበሉት።

ማስረጃው እያደር ጨመረ። አቶ ይመር በሶ አይወዱም፤ በመንገድ ዘመናቸው አንገሽግሿቸዋል። ትርንጎ ግን በሶ በማር ካገኘች ሌላ አትልም ነበር። አሁን ገና ዓይናቸውን ሲገልጡ በሶ ያምራቸው ጀመር። ከቀትር በኋላ ዝናብ ሲጥል ያለ ምክንያት ይከፋቸዋል፣ ሰው ማናገር ያስጠላቸዋል፤ ፀሐይ ብቅ ስትል ደግሞ ያለ ምክንያት ይለቃቸዋል። ይህ ኩርፊያ የማን እንደሆነ አብሮት ያረጀ ሰው አያጣውም። የጎረቤት ዶሮ አጥር ዘልላ ስትገባ «እሽ!» የሚሉት እሳቸው ናቸው፣ ንዴቱ ግን የሷ ነው።

አቶ ይመር ደስ አላቸው። ሐዘንተኛ ሰው ደስ አለኝ ማለት ስለማይገባው ለማንም አልተናገሩም እንጂ፣ ማታ ማታ ሆዳቸው ላይ እጃቸውን ጭነው ሲተኙ ከባለትዳሩ ሁሉ የሚበልጡ መስሎ ይሰማቸው ነበር።

እንዴት እንደገባች ያውቃሉ። ትርንጎ ገበታ ሲቀርብ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለባሏ ሳትሰጥ ቀምሳ አታውቅም። በሠርጋቸው ማግስት የጀመረችውን እስከ መጨረሻዋ ማታ አላቋረጠችውም። ጉርሻዋ ትልቅ ነው፤ ጉንጭ ይወጥራል። አቶ ይመር «ልትገድይኝ ነው እንዴ?» ይላሉ፤ እሷ «በሞቴ!» ትላለች፤ እሳቸው አፋቸውን ይከፍታሉ። እሳቸው ግን አንድም ቀን አጉርሰዋት አያውቁም። «እጄ ናፍጣ ይሸታል» ይሉ ነበር። ጡረታ ወጥተው ናፍጣው ከእጃቸው ከለቀቀ በኋላም ይህንኑ ይሉ ነበር። እሷም ስቃ ታልፈዋለች።

ልጃቸው እመቤት ወልድያ ነው ያገባችው። አባቷን ልታይ መጥታ ገና በሩን አልፋ ስትገባ፣ ከአባቷ ኮት ሥር «መጣሽ?» የሚል ድምፅ ሰማች። የያዘችው ዘንቢል ከእጇ ወደቀ።

«አባዬ፣ ምንድን ነው?»

«እናትሽ ናት።»

«የት?»

አቶ ይመር ሆዳቸውን አመለከቱ። እመቤት ቆማ አየቻቸው። ከዚያ ተንበርክካ ጆሮዋን ሸሚዛቸው ላይ አስደግፋ ብዙ አለቀሰች። ትርንጎ ሌላ ነገር አልተናገረችም፤ ከ«መጣህ» እና ከ«መጣሽ» በቀር ቃል አልነበራትም። ግን እመቤት ስታለቅስ የአቶ ይመር ሆድ ሞቀ፤ ሙቀቱ በጀርባቸው በኩል ወጥቶ ማጅራታቸው ላይ ደረሰ፣ እሳቸውም ሳያስቡት የልጃቸውን ፀጉር ከግንባሯ ወደ ኋላ መለስ መለስ ማድረግ ጀመሩ። እመቤት ይህን እጅ ታውቀዋለች። አባቷ እንዲህ አድርገውላት አያውቁም።

ያስቸገራቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ትርንጎ ቁልቁለት ትፈራለች። የሹፌር ሚስት ሆና ከደሴ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት አንድም ቀን ዓይኗን ገልጣ አልወረደችም። አሁን ይህም ፍርሃት የአቶ ይመር ሆነ። አንድ ቀን ከገበያ በባጃጅ ሲመለሱ፣ ባጃጁ ከሰፈራቸው በላይ ያለውን አቀበት ጨርሶ ወደ ታች ሲያዘቀዝቅ ዓይናቸው በራሱ ተጨፈነ፤ እጃቸው የባጃጁን ብረት ጨበጠ። ሹፌሩ «አይዞዎት ጋሼ፣ ፍሬኑ አዲስ ነው» አለ። ለአቶ ይመር አዲስ ፍሬን ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። ግን ፍርሃቱ የሳቸው አልነበረም፤ ሊያስረዱት አይችሉም። ባጃጁ እየሄደ ዘለሉ። የወደቁት የቆርቆሮ አጥር ላይ ነበር፤ ባታቸው እስከ አጥንቱ ተሰነጠቀ።

ቁስሉን በጨርቅ ጠምጥመው ቤት ተቀመጡ። ጎረቤታቸው እትዬ ከድጃ ሊጠይቁ መጥተው ጨርቁን ገለጥ አደረጉና ወዲያው መልሰው ሸፈኑት።

«ይመር፣ ይሄ ሸቷል። ተነሣ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ይሽራል።»

«አይሽርም። እኔ ሁለት ሰው በአንድ ዓመት ለመቅበር አቅም የለኝም።»

ሄዱ። ጤና ጣቢያ ውስጥ እንደ ወጉ እግሩ የታመመውም ዓይኑ የታመመውም የደም፣ የሽንትና የሰገራ ምርመራ ይታዘዝለታል፤ ለአቶ ይመርም ታዘዘ። የላብራቶሪ ባለሙያው ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየና ዶክተሯን ጠራት።

«ሴትዮ አለች» አለ።

«የት?»

«ሰገራው ውስጥ። ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች። አንድ እጇን በር ነገር ላይ ጣል አድርጋለች።»

ዶክተሯ ራሷ አየች። ስሟ ሐናን ነው፤ ወጣት ናት፣ ሥራዋን የምትወድ። «ልክ ነህ» አለችና ጻፈችው።

ከዚያ አቶ ይመርን አስቀምጣ እንዲህ ስትል አስረዳቻቸው። ሰው ሆድ ውስጥ ባክቴሪያ የሚባሉ ነዋሪዎች አሉ፤ ብዛታቸው ከአገር ሕዝብ ይበልጣል። የሚበሉት እኛ የምንበላውን ነው፣ ከበሉት ውስጥ ደግሞ ብዙ ነገር ይሠራሉ። ሰሮቶኒን የሚሉት፣ ከሰው ስሜት ጋር ብዙ የሚያያዘው ቅመም፣ አብዛኛው የሚመረተው አንጎል ውስጥ ሳይሆን አንጀት ውስጥ ነው፤ ነዋሪዎቹም እጃቸው አለበት። ከሆድ ወደ አንጎል የሚወጣ ረጅም ነርቭ አለ። እነሱ ታች ሆነው በዚያ ያወራሉ፤ አንጎል ደግሞ ከላይ ሆኖ እኔ ነኝ ያሰብኩት ይላል።

«የሷ ነዋሪዎች እርስዎ ውስጥ ሰፍረዋል» አለች። «ብዙ ዘመን ከአንድ እጅ የበላ ሰው ላይ ይታያል። በራሱ በሽታ አይደለም።»

«እኔም በሽታ አላልኩም» አሉ አቶ ይመር።

«እግርዎ ግን በሽታ ነው። መርዙ ወደ ላይ እየወጣ ነው። የምሰጥዎትን መድኃኒት ዛሬውኑ ይጀምሩ።»

አቶ ይመር እንክብሎቹን አዩ። ግማሹ ቀይ ግማሹ ቢጫ ነበር። ብልህ ሰው ናቸው፤ ገባቸው።

«ይሄ ሆድ ውስጥ ያለውንም ይገድላል?»

«ብዙውን።»

«እሷን ትቶ እግሬን ብቻ የሚያድን የለም?»

«መድኃኒት ሰው አይለይም፣ ጋሼ።»

«ባልውጠውስ?»

«እግርዎ ይቆረጣል። ከዘገየ ይሞታሉ። ያኔ እሷም ማደሪያ አይኖራትም።»

ውጭ ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ ሆዳቸው ውስጥ ትርንጎ እንደ ልማዷ አኮረፈች። በዚህ ሰዓት ከዚህ ኩርፊያ ጋር የሚለያዩ መሆናቸውን ሲያስቡ፣ በቀብሯ ቀን ያልወጣላቸው እንባ ዶክተሯ ፊት ወጣላቸው። ሐናን ጥጥ ሰጠቻቸው።

«እንዴት ነበር የገባችው?» አለች ቀስ ብላ።

«በጉርሻ።»

«እንግዲያው በዚያው ልትወጣ ትችላለች። ግን ያን ሁሉ ዓመት የገባ በአንድ ሰው አፍ ባንዴ አያልቅም። ለብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት ከሆነ ምናልባት ይሆናል።»

«እሑድ የሰማንያ ቀን ተዝካሯ ነው» አሉ አቶ ይመር። «ሰፈሩ በሙሉ ይመጣል።»

ዶክተሯ እግራቸውን ደግማ አየችው። «ከእሑድ አይለፍ» አለች።

ሰማንያው ጾም ላይ ስለዋለ ድግሱ የጾም ሆነ፤ ይህም ለሰፈሩ ሙስሊሞች ተመቸ፣ ሁሉም ከአንድ መሶብ ሊበሉ ነው። ጠዋት ድንኳኑ ሲተከል አቶ ይመር ጓዳ ገብተው ቆሙና ወደ ሆዳቸው ጎንበስ ብለው ተናገሩ።

«ትርንጎ፣ ከዚህ ልትወጪ ነው። ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ ሰፈር ውስጥ ነው።»

ትርንጎ አልመለሰችም። በሕይወቷም ከባድ ነገር ሲቆረጥ ዝም ትል ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን ሆዳቸው ውስጥ የሆነ ነገር ተነሣ፣ በደረታቸው በኩል አለፈ፣ ትከሻቸው ላይ አረፍ አለና በቀኝ ክንዳቸው ወረደ። ጣቶቻቸው ሞቁ። ሆዳቸው ዕቃ እንደወጣለት ቤት ቀለለ።

የእጅ ውኃ ሲዞር አቶ ይመር ትርንጎ እንዳትታጠብ ቀኝ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ደበቁ። ከዚያ በሚያነክስ እግራቸው ተነሥተው፣ ከድንኳኑ ጫፍ ጀምረው ማጉረስ ያዙ። በሕይወታቸው ማንንም አጉርሰው ስለማያውቁ መጠኑን አልቻሉበትም፤ የሚያውቁት የትርንጎን ጉርሻ ብቻ ስለሆነ ያንኑ አደረጉ። ምስሩንም፣ ጎመኑንም፣ ሽሮውንም ባንድ ጠቅልለው፣ ጉንጭ የሚወጥር። የእድሩ ሊቀመንበር «ኧረ ጠገብኩ!» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

«በሷ ሞት» አሉ አቶ ይመር።

ሐዘንተኛ ሲያጎርስ እምቢ አይባልም። ሊቀመንበሩ አፋቸውን ከፈቱ።

ቄሱን አጎረሱ፣ ባለሱቁን ሑሴንን አጎረሱ፣ ጠጅ ሻጯን፣ ጎሚስታውን፣ ከውጭ ተሰልፈው የሚጠብቁትን የሰፈር ልጆች ሁሉ አጎረሱ። «አፈር ስሆን»፣ «በሞቴ»፣ «አንድ ብቻ» እያሉ። በእያንዳንዱ ጉርሻ እጃቸው ጥቂት ጥቂት ቀዘቀዘ። ለትርንጎ አንድ ጊዜ እንኳ ያልሰጡትን ለሰፈሩ ሁሉ ሲሰጡ በጸጸት እንባቸው ይወርድ ነበር፤ ሰዉ ግን የሚያለቅሱት ሐዘኑ በርትቶባቸው ነው አለ። እትዬ ከድጃ የጎረሱትን አላምጠው ሲጨርሱ ቀና ብለው አዩአቸው።

«ይመር፣ ይሄ እጅ የትርንጎ ነው።»

«ነው።»

«አብሽር፣ አይዞህ» አሉ እትዬ ከድጃ፤ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ።

የመጨረሻዋ እመቤት ነበረች። ሁለት ጊዜ እንዲያጎርሷት ጠየቀች፤ አጎረሷት። ከዚያ በኋላ እጃቸው እንደ ማንም ሰው እጅ ሆነ።

ማታ በሩን ዘግተው ቀይና ቢጫውን እንክብል በውኃ ዋጡ። ሆዳቸውን በእጃቸው ያዙ። የቀረች ካለች ይቅርታ ጠየቋት። ተኙ።

ቁስሉ መድረቅ ጀመረ። መጀመሪያ የሄደው በሶው ነው፤ አንድ ጠዋት በጥብጠው አንድ ጊዜ ከቀመሱት በኋላ ደፉት። ከዚያ ዝናቡ ሲመጣ ኩርፊያው ሳይመጣ ቀረ። ከዚያ በሩን ከፍተው ሲገቡ የሚጠይቃቸው ጠፋ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደጃፉ ላይ ቆም ብለው ይጠብቁ ነበር፣ በኋላ ለምን እንደሚቆሙ ስላልታወቃቸው ተዉት። እመቤት ስልክ ደወለች።

«አባዬ፣ ታናግርሃለች?»

«ማን?» አሉ አቶ ይመር።

አቶ ይመርም አሰቡና አስታወሱ። «አሃ፣ እናትሽ። የለችም» አሉ። ድምፃቸው ላይ ምንም አልነበረም፤ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት የሚናገሩ ይመስል ነበር።

ዶክተር ሐናን ፋሻውን ፈትታ እግራቸውን አየችና ረካች።

«ሐዘኑስ?» አለች።

«ሄዷል።»

«ፍቅሩስ?»

አቶ ይመር ይህን በእውነት ሊመልሱ ፈልገው አሰቡ። ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶግራፍ በየቀኑ ያዩታል። ጥርሷ ያማረ ሴት ናት። ስሟን ያውቃሉ፣ የሠርጋቸውን ቀን ያውቃሉ፣ ቁልቁለት እንደምትፈራ ያውቃሉ። «ሁሉንም አውቃለሁ» አሉ። ዶክተሯ ፋሻውን ጠቅልላ ጣለችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አቶ ይመር ለጉዳይ ኮምቦልቻ ወረዱ። ሚኒባሱ የሐረጎን ቁልቁለት ሲጀምር ከፊት ወንበር ሆነው ገደሉን ቁልቁል አዩት። ዓይናቸውም አልተጨፈነም፣ መዳፋቸውም አላላበም። ጥሩ መንገድ ነው ብለው አሰቡ። ጉዳያቸውን ጨርሰው መናኸሪያው አጠገብ ጥብስ በሉ፣ ጠገቡ፤ አመሻሽ ላይ ደሴ ተመለሱ።

ሰፈራቸው ሲደርሱ ጉም ወርዶ ነበር። የቅያሱ መግቢያ ላይ የእድሩ ሊቀመንበር በራቸው ላይ ቆመዋል። ግራ እጃቸውን መቃኑ ላይ ጣል አድርገዋል፣ አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርገዋል።

«መጣህ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«መጣሁ። እንዴት አመሹ?» አሉ አቶ ይመር፤ አለፉ።

ቀጥሎ ያለው ደጃፍ ላይ ባለሱቁ ሑሴን ቆሟል። ግራ እጁ መቃኑ ላይ፣ አንገቱ ዘንበል ብሎ። «መጣህ?» አለ። «መጣሁ» አሉ። ከሱ ቀጥሎ ቄሱ፣ ከቄሱ ቀጥሎ ጎሚስታው። አቶ ይመርን አባባ ብለው ከመንገድ ዘወር የሚሉት ልጆች እንኳ በየበሩ እጃቸውን ጣል አድርገው «መጣህ?» አሏቸው። አቶ ይመር ሥነ ሥርዓት ያላቸው ሰው ናቸውና አንዱንም ሳይዘሉ «መጣሁ፣ መጣሁ» እያሉ ሄዱ። ማንን እንደሚጠብቁ ገረማቸው። እትዬ ከድጃ በቀኝ እጃቸው አንድ ነገር ጠቅልለው ይዘው ነበር፤ ጉም ውስጥ እንፋሎቱ ይታያል።

የራሳቸው በር ላይ እመቤት ቆማለች። ከወልድያ መቼ እንደመጣች አልነገረቻቸውም።

«መጣህ?»

«መጣሁ ልጄ። ምነው ብርድ ላይ?»

እመቤት ቀኝ እጇን ወደ አፋቸው ዘረጋች። ጉርሻው ትልቅ ነበር፣ ጉንጭ የሚወጥር፤ ትኩስ ነበር፣ በሶ በማር ይሸታል።

«በሞቴ» አለች፤ ድምፁ ሻከር ያለ፣ መጨረሻው ላይ ከፍ የሚል።

አቶ ይመር ጉርሻውን አዩት፣ እጁን አዩት። አንድ የሚያውቁት ነገር ያለ መሰላቸው። ሐዘን የለባቸውም፣ አልራባቸውም፤ በሶም አይወዱም።

«እግዜር ይስጥሽ» አሉ፤ «በልቻለሁ።»

በአጠገቧ አልፈው ገቡና ብርዱ ስለበረታ የግቢውን በር ከውስጥ ቀረቀሩት። ኮታቸውን አውልቀው ሚስማሩ ላይ ሰቀሉ፣ ወንበር ስበው በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ። ከአጥሩ በላይ አንድ እጅ ብቅ አለ። በጎኑ ሌላ እጅ፣ ከዚያ ሌላ፤ የትልቅ እጅ፣ የልጅ እጅ፣ እስከ አጥሩ ጫፍ ድረስ። ሁሉም ቀኝ እጅ ነበሩ፣ ሁሉም ጉርሻ ይዘዋል፤ ጉሙ ውስጥ ምንም ሳይነቃነቁ አፍ ይጠብቁ ነበር።